ባዳ ቀድሞ የሰማው

ሰውየው የትምህርት ቤት ልጆች የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው እናቱ ባወጣችለት ስም ሳይሆን «ፍሬን» በሚለው ቅጽሉ ነው። ስሙን የለጠፉበት የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ድመት ካየ ይቆማል፣ ኳስ ካየ ይቆማል፣ ኳስ ባይኖርም ኳስ ሊመጣ ይችላል ብሎ ይቆማል። «ይሄ ሰውዬ ለዛፍ ጥላም ቅድሚያ ይሰጣል» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱ አይከፋውም። «እኔ የጫንኩት ድንች አይደለም» ይላቸዋል። ልጆቹ አንዳንዴ ያረፍዱ ይሆናል እንጂ በእሱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ግንባሩ ያበጠ ልጅ የለም፤ ወላጆችም ይህን ስለሚያውቁ ልጃቸውን እንዲቀበላቸው ገና ትምህርት ሳይከፈት ይለማመጡት ነበር።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ካሏቸው ሁለት ክፍሎች የፊተኛው የእሷ መሥሪያ ነው፤ የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ ሥር፣ የጨርቁ ጥቅል በግድግዳው ጥግ፣ መቀስና መርፌው በየደረሰበት። ልጅ አልወለዱም። ሰው ይህን ነገር አንስቶ እሷን ሊጠይቃት አፉን ሲያሾል ፍሬን ይቀድምና «ምን ጎደለን! እኔ በየቀኑ አንድ መኪና ሙሉ ልጅ አይደል የማሳድገው» ብሎ ያስቃል። እሷ ግን ከሳቁ ኋላ ያለውን ታውቃለች፤ ለዚህም ነው ስትወደው አንጀቷን እያመማት የምትወደው።

ሚኒባሷን ከአበዳሪ ድርጅት ተበድሮ ነው የገዛት። ማስያዣው ራሷ ሚኒባሷ ነበረች። ወር በገባ ቁጥር ከደሞዝተኛ ቀድሞ ይከፍል ስለነበር ብድር መኖሩንም ሚስቱ ትረሳው ነበር ማለት ይቻላል። እስኪታመም ድረስ።

መጀመሪያ ምግብ ዘጋው። ቀጥሎ የድካም ብዛት፣ ከመኪና ወርዶ በሩ ድረስ ለመምጣት የሚያርፍበት ነገር ይፈልግ ጀመር። ዓይኑ መለወጡን ያየችው ደግሞ ከኋላው የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ተማሪ ናት፤ በመስታወቱ አይታው «ጋሼ፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኗል» አለችው። እሱ ይህንንም እንደ ቀልድ አድርጎ ለሚስቱ ነገራት። እሷ መቀሷን አስቀምጣ ወደ ብርሃን አዞረችውና አየችው፤ በነጋታው ሆስፒታል ወሰደችው።

ምርመራው ሰንብቶ ውጤቱ የመጣ ቀን ሦስት ሆነው ሄዱ፦ እሱ፣ እሷና የእሱ ታላቅ እህት። እህትየው ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገችው ናት፤ እሱ «እትዬ» ይላታል፣ ሚስቱም ያንኑ ተከትላ «እትዬ» ትላታለች። እትዬ ከወንበር ስትነሳ ወንበሩ አብሯት የሚነሳ የሚመስል፣ ቃሏ የማይታጠፍ ሴት ናት። እሱን ደም ሊቀዱት ሲወስዱት ሐኪሟ ሁለቱን ሴቶች ወደ ክፍሏ አስገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ ግን ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው። የጉበት ካንሰር ነው። ተሰራጭቷል። ሕመሙን የሚያስታግስ እንጂ የሚያድን ነገር የለም። ክረምቱን የሚያልፍ አይመስላትም።

ሚስትየዋ የሐኪሟን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዛ ቀረች። እትዬ ግን አላለቀሰችም። ወደ ኮሪደሩ እንደ ወጡ ክንዷን ጨምድዳ «ስሚኝ» አለቻት። «ይሄ ቃል ከእኔና ከአንቺ አያልፍም። ለእሱም ቢሆን። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ሰው በበሽታ ብቻ አይሞትም፣ በወሬም ይሞታል። ከሰማ ዛሬውኑ ተኝቶ ይቀራል።»

«የራሱ ሕይወት'ኮ ነው እትዬ…»

«የራሱ ስለሆነ ነዋ! ሆድሽ ይቻለው።»

እሱ የተወጋበትን ክንዱን በጥጥ ይዞ፣ እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ መጣ። «እህሳ፣ ምን አሉ?»

«ጉበትህ ተቆጥቷል አሉ» አለች እትዬ።

«ማን አስቆጣው?» አለና ሳቀ። ሁለቱም አብረውት ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ኑሮ ማለት መደበቅ ሆነ። መድኃኒቱን «የጉበት ማብረጃ ነው» እያለች ትሰጠዋለች። ሰውነቱ እንደ ሻማ ሲቀልጥ ሱሪው እየሰፋ ሄደ፤ እሷም እሱ ሲተኛ ሱሪውን ታወጣና ወገቡን በጣት ስፋት ታጠብበዋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ትንሽ። የእጇ ሥራ ንጹሕ ስለሆነ ስፌቱ አይታወቅም። መስታወቱን ከመኝታ ቤት አውጥታ «ተሰነጠቀ» አለችው። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ በሩ ላይ ቀድማ ትይዘውና «ከሳህ እንዳትለው» ትላለች።

ከሁሉ የከበዳት የሚኒባሷ ነገር ነበር። ሚኒባሷ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ብትሸጥ ዕዳው ይቀልላል፤ ይህን ለማወቅ ብዙ ሂሳብ አያስፈልግም። ግን እሱ ጠዋት ጠዋት እየወጣ ሞተሯን ያስነሳታል፣ መስታወቷን ይወለውላል፣ «ወደ ሥራ ስመለስ እንዳታሳፍረኝ» ይላታል። መኪናውን መሸጥ ማለት ሐኪሟ የነገረቻትን መንገር ማለት ነው። አልሸጠችም። የመጋረጃው ገቢ ለመድኃኒቱም አልበቃ አለ። የብድሩ ክፍያ ቆመ።

አበዳሪው ድርጅት ጥቂት ታገሠና ጉዳዩን ዕዳ ለሚያስመልስ ሌላ ድርጅት አሳልፎ ሰጠ። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመረ። የሚደውለው ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው፤ አይጮኽም፣ አይሳደብም። እሷ በልቧ «ለስላሳው» አለችው።

«የተበዳሪው ባለቤት ነዎት?»

«ነኝ።»

«ክፍያው ቆሟል። ምን ሆናችሁ ነው?»

«ባለቤቴ ታሟል።»

«እግዜር ይማራቸው። ምናቸውን ነው?»

«ሆዱን።»

«ሆድ ሰፊ ነው፣ እህቴ» አለ ለስላሳው። «በትክክል ምንድን ነው የተባሉት?»

«እሱ የሐኪምና የታማሚ ጉዳይ ነው። መሥራት አልቻለም፣ እሱን እወቁልን።»

«እኔ ምን ገዶኝ። ግን ከበድ ያለ ሕመም ከሆነ ፋይሉን የማቆምበት መንገድ አለ። ካላወቅሁ ግን መኪናዋን ከማንሳት ሌላ ምርጫ የለኝም።»

ስልኩን ዘጋችበት። በነጋታው ደወለ። በሦስተኛው ቀንም። አንድ ቀን መጋረጃ ልትሰቅል በሄደችበት የደንበኛ ቤት፣ መሰላል ላይ እንዳለች ደወለ። ደንበኛዋ ከታች ሆና እየሰማቻት «ምንም አይደለም፣ ዘመድ ነው» ብላ ዋሸች፤ የመጋረጃው ቀለበቶች ግን ከእጇ አምልጠው ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ሐኪሟ ዘንድ ሄዳ አማከረቻት። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እያሸች «በሕክምና ላይ እንዳለና መሥራት እንደማይችል እጽፍልዎታለሁ» አለቻት። «ከዚያ በላይ የመጠየቅ መብት የላቸውም። እርስዎም የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ይሄን ልብ ይበሉ።»

ልብ ብላ ነበር። ወረቀቱን ይዛ የድርጅቱ ቢሮ ድረስ ሄደች። ቢሮው ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው የቫርኒሽ ሽታ ይሸታል። ሠራተኞቹ ደረት በሚደርስ ክፍልፍል ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ስልክ ላይ የሚናገረውን ሌላው ይሰማል። ለስላሳው ከገመተችው በላይ ልጅ ነበር። ጉንፋን ይዞት አፍንጫውን እየጠረገ ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት፣ ውሃም ቀዳላት። ወረቀቱን አነበበና መልሶ ወደ እሷ ገፋው።

«ይሄማ ለእኔ ጉንፋንም ይጻፋል።»

«ሐኪሟ ይበቃል ብላለች።»

«ሐኪሟ ዕዳ አታስመልስም፣ እህቴ። እኔ እውነቱን ልንገርዎት፤ መኪናዋን የሚያነሱት ሰዎች ለዚህ ሳምንት ተመድበዋል። እኔ ልከላከልልዎት እፈልጋለሁ። ግን አለቃዬን የማሳምንበት ነገር ይስጡኝ። የበሽታው ስም ምንድን ነው?»

እሷ ሰዎቹ መጥተው ሚኒባሷን ሲጎትቱ፣ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ታያት። ሌላ ነገር አላሰበችም።

«ካንሰር ነው» አለች።

ያንን ቃል በአፏ ስታወጣው ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ከእትዬ ጋር እንኳ «ያ ነገር» ነው የሚባባሉት። ከአጠገቡ ባለው ክፍልፍል ስልክ የምታናግር ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የምን?»

«የጉበት።»

እሱ ይጽፋል። «ይድናሉ ወይ?»

«አይድንም።»

«ምን ያህል ጊዜ አላቸው ተባለ?»

«ክረምቱን… ክረምቱን አያልፍም አሉ።»

ከዚያ እንባዋ መጣ። በቤቷ አልቅሳ የማታውቀው እንባ፣ በትራስ አፍና፣ በስፌት መኪና ድምፅ ሸፍና ያኖረችው ሁሉ እዚያ ሰው በሞላበት ቢሮ ወረደ። ለስላሳው ሶፍት አቀበላት፤ «አይዞዎት፣ አይዞዎት» አላት። ደግ ነበር። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር። ስታበቃ ፊቷን ጠርጋ «በምትወደው ይዤሃለሁ፣ እሱ አያውቅም። በእሱ ስልክ እንዳትደውሉ» ብላ ለመነችው።

«ቁጥራቸውን አወጣዋለሁ» አለ። ፋይሉም ቆመላት። ስትወጣ አመሰገነችው፤ ደረጃውን ስትወርድም ቀለል አላት። ይህ መቅለሏ ነው በኋላ ሌት ተቀን የበላት።

ስልኩ ዝም አለ፤ ዝምታው ያለ ገንዘብ የተገዛ ዕረፍት መሰላት። እሱም ሰሞኑን ሻል ብሎት ነበር። ሾርባ ይጠጣል፣ ከጎረቤት ጋር ያወራል፣ ሚኒባሷን አጥቦ እሷንም ውሃ ረጭቶ አሳቃት። «ይኸው፣ የተቆጣው ጉበት እየታረቀ ነው» ይላል። እሷም የሐኪሟን ቃል መጠራጠር ጀመረች። ሐኪምም ይሳሳታል፤ ተስፋ ለሰው ምን ይከለከላል።

አንድ ረፋድ ላይ የተሰፋ መጋረጃ አድርሳ ስትመለስ እሱን ቤት አጣችው። ሚኒባሷ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሞተሩ አልተነሳም፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። ከውስጥ ሆኖ የጎኑን በር ከፈተላት።

«ግቢ።»

ገባች።

«ቅድም አንዲት ልጅ ደወለችልኝ» አለ ወደ ፊት እያየ። «ከዕዳ አስመላሾቹ ነኝ አለችኝ። 'የታማሚው ምናቸው ነዎት?' ብላ ጠየቀችኝ። ቀልዴ መቼ ይለቀኛል፣ 'ከእኔ የሚቀርበው የለም' አልኳት።»

እሷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ወንድሙ መሰልኳት። መጀመሪያ 'አይዞዎት' አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ 'ሐኪሙ ክረምቱን አያልፉም ስላሉ፣ ከእሳቸው በኋላ ዕዳውን ማን እንደሚረከብ ለማወቅ ነው' አለችኝ። እኔም 'ምናቸውን ነው ያመማቸው?' ብዬ ጠየቅኋት። ታያለሽ፣ የራሴን በሽታ እኔ ጠየቅሁ። እሷም ነገረችኝ። አንብባ ነገረችኝ።»

«ልነግርህ…»

«ሱሪዬንስ?»

«እ?»

«ሱሪዬን ነው። አንገቴ ቀጠነ፣ ሸሚዜ ተንሳፈፈ፣ ሱሪዬ ብቻ ልኬ ሆኖ ቀረ። ይገርመኝ ነበር። ለሐኪሟም 'ሱሪዬ ልክ ነው፣ ስለዚህ አልከሳሁም' ብዬ ነግሬያታለሁ። ዝም ብላ አየችኝ። አሁን ገባኝ፣ ምን ብላ ትመልስልኝ።»

ሚስትየዋ «እትዬ ናት…» ብላ ጀመረችና ነገሩ በአፏ ውስጥ አስጠላት፤ ተወችው። ዝም ያለችው ራሷ ናት።

«ዝም ስላልሽ አይደለም የከፋኝ» አለ፣ ልቧን ያነበበ ይመስል። «ዝም ብትይ፣ ፈርታልኝ ነው እላለሁ። አፍሽን የከፈትሽ ቀን ግን ለማን ከፈትሽው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይህን ያህል ባዳ ነው ብዬ ግን አላሰብኩም። አንድ ቢሮ ሙሉ ሰው ሞቴን ያውቃል። እኔ መስታወት እየወለወልኩ ወደ ልጆቹ የምመለስበትን ቀን እጠብቃለሁ።»

«መኪናዋን ሊወስዱብህ ነበር።»

«ይውሰዷታ!» ያን ጊዜ ብቻ ነው የጮኸው። «መኪና ናት! ይውሰዷታ!»

ከዚያ በኋላ አላናገራትም። ምግብ ስታቀርብለት ይበላል፣ መድኃኒቱን ይውጣል፣ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው ነው። እትዬ ሰምታ መጣች። «እኔ ነኝ ያዘዝኳት፣ በእኔ ፍረድ» አለችው በሩ ላይ ቆማ። እሱም ከተኛበት ሳይነሳ «እትዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ነበር የምትሰጪኝ። ይሄንን ግን ለብቻሽ በላሽው» አላት። ያቺ ቃሏ የማይታጠፍ ሴት እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሚስትየዋ ደግፋ ልታነሳት ብትሞክርም አልተነሳችም፤ እሱ ራሱ እየተንገዳገደ መጥቶ አነሳት።

አንድ ጠዋት «ሸሚዜን ተኩሺልኝ። እነሱ ዘንድ ልንሄድ ነው» አለ። ከስንት ቀን በኋላ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ በየመታጠፊያው እያረፉ ወጡ። ለስላሳው ሁለቱን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ፤ ማን እንደመጣ ሳይነገረው ገብቶታል። ከአጠገቡ ባለው ክፍልፍል ያለችው ልጅም የፍሬንን ድምፅ ስትሰማ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ገና ፊቷ ያልጠነከረ ልጅ ናት።

«ቁጥራቸውን አውጥቼው ነበር» አለ ለስላሳው ወደ ሚስትየዋ። «ዝርዝሩ ሲታደስ መልሶ ገብቶ ነው። በጣም ይቅርታ…»

«ለእኔ ንገረኝ፣ እኔ ነኝ ታማሚው» አለ ፍሬን። «ስማ ልጄ። ገንዘብ ከእናንተ ተበድሬያለሁ፣ አልካድኩም። በሽታዬን ግን ከእናንተ አልተበደርኩም፤ የምታስመልሱኝ ነገር የለም። ከዚያ መዝገብ ላይ አጥፉልኝ።»

«ማጥፋት… አንዴ ከገባ እኛ የምናጠፋበት ሥልጣን የለንም።»

«ለማስገባትስ ሥልጣን ነበራችሁ?»

ለስላሳው አፍንጫውን ጠረገ። ልጅቷ በክፍልፍሉ ላይ ብቅ ብላ «ወንድማቸው መስለውኝ ነው… አላወቅሁም፣ በእግዚአብሔር አላወቅሁም» አለች እያለቀሰች።

ፍሬን ዞሮ አያት። ቁጣ ሊናገራት መስሏት ሚስትየዋ እጁን ያዘችው። እሱ ግን «አንቺ ምን ታደርጊ። የተጻፈልሽን ነው ያነበብሽው» አላት። ይቅር ማለቱም አልነበረም፣ አለማለቱም። ደክሞት ነበር። ከዚያ መኪናዋን የሚገዛ ሰው እሱ ራሱ አምጥቶ ዋጋውን ለእነሱ እንዲያስገባ እንዲፈቅዱለት ለስላሳውን ጠየቀው፤ ለስላሳውም ያለ አንዳች ክርክር ፈረመለት።

ሚኒባሷን የገዛት «ፍሬን» ብለው ስም ካወጡለት ሹፌሮች አንዱ ነው። ልጆቹንም እሱ ተረከባቸው። ለማለማመድ ብሎ የመጀመሪያውን ቀን ፍሬን ከጎኑ ተቀምጦ አብሮት ዞረ፤ ሰውየው ማታ መጥቶ ለሚስትየዋ እንደነገራት፣ መንገዱን ሙሉ «ቀስ፣ ቀስ፣ ድንች አይደለም» እያለ መከራውን አሳየው። ከልጆቹ መካከል ያቺ ዓይኑን ያየችው ትንሽ ተማሪ «መቼ ትመለሳለህ?» ብላ ጠየቀችው አሉ። «አልመለስም» አላት። ለሌላው እንደለመደው ቀልድ አልጨመረበትም።

ክረምቱ እስኪገባ የቀረውን ጊዜ እሱ ራሱ ያዘው። ሐኪሟ ዘንድ ሲሄዱ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትሰማለች። «ሲመጣ በምን አውቀዋለሁ? ያመኛል ወይስ እተኛለሁ?» ይላል፤ ሐኪሟም ትመልስለታለች። አኩርፎት ለዓመታት ያላናገረውን የአጎቱን ልጅ ጠርቶ ታረቀው። የተዋሰውን መሰርሰሪያ ለጎረቤቱ መለሰ፣ ያዋሰውን መፍቻ ደግሞ «ውሰደው፣ የትም አልሄድበትም» አለው። ከእሷ ጋርም ማውራት ጀመረ። አንዳንድ ቀን እንደ ድሮው ያስቃታል። አንዳንድ ቀን ግን በመሃል ዝም ይልና እንደማያውቃት ሰው ያያታል፤ እሷም ምን እያሰበ እንደሆነ ስለምታውቅ አትጠይቀውም። አንድ ከሰዓት እግሩን ስታሸው «ይቅር ብዬሻለሁ'ኮ» አላት። «ከልብህ ነው?» አለችው። «ያለኝን ያህል ነው» አለ።

ክረምቱ ሳይወጣ፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ማለዳ፣ እትዬ ራስጌው እሷ ግርጌው ሆነው አለፈ።

ከቀብሩ ጥቂት ቀናት በኋላ ስልክ ተደወለ። ለስላሳው አይደለም፤ ሌላ ድምፅ ነው። ከመኪናዋ ሽያጭ የተረፈች ትንሽ ዕዳ ነበረች። ባለቤቷን ጠየቀ።

«ሞቷል» አለችው።

«ነፍስ ይማር። የሞቱበትን ምክንያት ማወቅ ይቻላል? ለፋይሉ ነው።»

«አይቻልም።»

«መረጃው ከሌለን ግን…»

«ሞቷል አልኩህ። የቀረውን እኔ እየከፈልኩ እጨርሳለሁ። ከዚህ ሌላ ከእኔ አፍ የምትሰማው የለም።» ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ደወሉ፣ ያንኑ መለሰችላቸው። ቀሪውን በየወሩ እየቆነጠረች ከፈለች፤ ፋይሉም እንደ ማንኛውም ፋይል ተዘጋ።

እትዬ ከዚያ ወዲህ ሳምንት ሳትቆጥር እየመጣች ከመስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። እርጅናው በአንድ ጊዜ ነው የወደቀባት። አንድ ቀን ሚስትየዋ የመጋረጃ ጠርዝ እየለቀመች ሳለ እትዬ ድንገት «ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ክንድሽን ባልይዝሽ ኖሮ ትነግሪው ነበር?» አለቻት።

ሚስትየዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ብዙ አሰበች። ልትዋሽላትም ፈልጋ ነበር።

«አላውቅም እትዬ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እዚያ ቢሮ ያለቀስኩት ለቅሶ የእሱ ነበር። እሱ ፊት ነበር ማልቀስ የነበረብኝ፤ እሱም 'አይዞሽ' ሊለኝ፣ እኔም ላባብለው። ያንን ወስጄ ለማላውቀው ልጅ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ እሱ ፊት ላለቅስ ስሞክር አልመጣልኝም።»

እትዬ እጇን ዘርግታ የተቆለለውን ጨርቅ ወደ ጭኗ ሳበችና፣ ዓይኗ በደንብ ባያይላትም፣ የተንጠለጠሉትን ክሮች አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች።